ፈር ቀዳጇ አሠልጣኝ፦ የቴሪ ማኪቨር ሠላሳ ዓመታት በበርክሌይ

በ2012 ለንደን ላይ በተካሄደው ኦሊምፒክ የአሜሪካን የሴቶች የውሃ ዋና ቡድን በዋና አሠልጣኝነት የመሩት ቴሪ ማኪቨር ናቸው። የአሜሪካ ሴት ዋናተኞች በኦሊምፒክ መወዳደር የጀመሩት በ1920 አንትወርፕ ላይ ሲሆን፣ ከዚያ ጊዜ አንሥቶ እስከ ለንደን ድረስ ይህ ኃላፊነት ለሴት ተሰጥቶ አያውቅም ነበር። ማኪቨር የመሩት ቡድን በገንዳ ውድድሮች 8 ወርቅን ጨምሮ 14 ሜዳሊያዎችን ይዞ ተመለሰ። ከዚያ አሥር ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ቆይቶ፣ በጃንዋሪ 31 ቀን 2023፣ ሠላሳ ዓመት ያህል ያገለገሉት በበርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከሥራ አሰናበታቸው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ እኚህ አሠልጣኝ የተጻፈውን ለማንበብ የሞከረ ሰው ሁለት የተለያዩ ሴቶች ያሉ ሊመስለው ይችላል። ከ2022 በፊት የተጻፈው በአብዛኛው ምስጋና ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተጻፈው ደግሞ ዋናተኞቻቸው ስላቀረቡባቸው የማዋረድ ክስና ስለ ስንብቱ ብቻ ያወራል። እኔ ግን የሥራ ዘመናቸው ከነስኬቱና ከነጉዳቱ በአንድነት መነገር አለበት ብዬ አምናለሁ። ሴቶች በኮሌጅ ስፖርት ውስጥ ዋና አሠልጣኝ የሚሆኑበት መንገድ ለምን እንደጠበበ፣ በዚያ ጠባብ መንገድ ያለፈች አንዲት ሴትም ምን ያህል ሥልጣን በእጇ ሊከማች እንደሚችል፣ ከዚህ የሥራ ዘመን ይልቅ በግልጽ የሚያሳይ ታሪክ አላገኘሁም።

ማኪቨር ወደ ሙያው የገቡበትን ዘመን ሳይረዱ ፈር ቀዳጅነታቸውን መመዘን አይቻልም። በ1972 የጸደቀው፣ ታይትል ናይን በሚል ስያሜ የሚታወቀው የአሜሪካ ሕግ፣ ከፌዴራል መንግሥቱ ገንዘብ የሚያገኝ ማንኛውም የትምህርት ተቋም በጾታ ምክንያት አድልዎ እንዳይፈጽም ይከለክላል። የሕጉ ቃል ስፖርትን በስም አይጠቅስም፤ ሆኖም ዩኒቨርሲቲዎች ለሴቶች ቡድን እንዲያቋቁሙ፣ ገንዳ እንዲከፍቱ፣ ስኮላርሺፕ እንዲሰጡ ያስገደደው እርሱ ነው። ከሕጉ በፊት የሴቶች ቡድኖች የሚተዳደሩት በጥቂት ገንዘብ ነበር፤ ነገር ግን ከአሥር አሠልጣኞቻቸው ዘጠኙ ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም የሰውነት ማጎልመሻ መምህርነታቸውን ከአሠልጣኝነቱ ጋር አጣምረው የሚሠሩ ነበሩ። በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሴቶችን ቡድን አሠልጥነው ለተደጋጋሚ ብሔራዊ ድል ያበቁት ሞና ፕለመር የዚያ ትውልድ ናቸው፤ የዩኒቨርሲቲው መዋኛም በስማቸው ተሰይሟል።

ገንዘቡ ሲመጣ ግን ሥራው የሚፈለግ ሆነ፤ ደመወዙ ከፍ ሲል ወንዶች አሠልጣኞች ወደ ሴቶች ቡድኖች ገቡ። በ1982 ብሔራዊው የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር፣ ማለትም ኤንሲኤኤ፣ የሴቶችን የውሃ ዋና ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዘጋጅ፣ እስከዚያ ድረስ የሴቶችን ውድድር በሴቶች አመራር ሲያካሂድ የነበረው ማኅበር እየከሰመ ሄደ። በ2014 ገደማ በሴቶች ቡድኖች ውስጥ ከነበሩት ዋና አሠልጣኞች መካከል ሴቶቹ 43 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። የሴቶችን ዕድል ለማስፋት የወጣ ሕግ ለሴት ስፖርተኞች በሩን ከፍቶ ሴት አሠልጣኞችን ወደ ጎን መግፋቱ፣ በእኔ አስተያየት፣ በዚህ ዘመን የስፖርት ታሪክ ውስጥ በቂ ትኩረት ያላገኘ ጉዳይ ነው።

በውሃ ዋና ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነበር። ወንዶችና ሴቶች የሚለማመዱት በአንድ ገንዳ ስለሆነ፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱን ቡድኖች አዋህደው በአንድ ዋና አሠልጣኝ ሥር አደረጓቸው፤ ይህ አንድ ሰው ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ወንድ ሆነ። ሴቶቹ ምክትል ሆነው ቀሩ። በርክሌይ ግን ሁለቱን ቡድኖች ለየብቻ ከያዙት ተቋማት አንዱ ነበር። በ1972 የሙኒክ ኦሊምፒክ በ200 ሜትር የቢራቢሮ ዋና ወርቅ ያገኘችው ካረን ሞ፣ በኋላ ካረን ሞ ቶርንተን፣ ከ1978 እስከ 1992 የሴቶቹን ቡድን ያሠለጠነችው በዚሁ አደረጃጀት ውስጥ ነው። እርሷ ስትለቅ ወንበሩ ለሌላ ሴት ተላለፈ፤ ያቺም ሴት ቴሪ ማኪቨር ነበሩ።

ማኪቨር ያደጉት በስፖርት ቤተሰብ ውስጥ ነው። አባታቸው ማይክ ማኪቨር ከመንታ ወንድማቸው ከማርሊን ጋር በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ስመ ጥር የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ነበሩ፤ በመኪና አደጋ ክፉኛ ተጎድተው የሞቱት ልጃቸው ገና ሕፃን ሳለች ነበር። ልጅቷ አድጋ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ዋናተኛ ሆነች፤ ከአገሪቱ ምርጥ የኮሌጅ ዋናተኞች ተርታም ተሰለፈች። ከዚያም ወደ አሠልጣኝነት ዞረው በፍሬስኖ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለአምስት ዓመት ያህል ዋና አሠልጣኝ ሆኑ፤ በ1992 ወደ በርክሌይ ተዛወሩ። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ዓመታት ዝና ያተረፉባቸው አልነበሩም። በዚያን ጊዜ የሴቶችን የኮሌጅ ዋና በበላይነት የያዙት ስታንፎርድ፣ ከዚያም ጆርጂያ ነበሩ፤ የበርክሌይ ሴቶችም ብሔራዊ ዋንጫ አንሥተው አያውቁም ነበር።

ናታሊ ኮግሊን በ2000 መጸው በርክሌይ ስትደርስ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ኮግሊን በ1998 በአገር አቀፉ የበጋ ሻምፒዮና በ14ቱም የግል ውድድሮች ለመሳተፍ የሚያበቃ ሰዓት ያስመዘገበች የመጀመሪያዋ ዋናተኛ ነበረች። በማግሥቱ ዓመት ግን ትከሻዋ ተጎዳ፤ ለሲድኒ ኦሊምፒክ ሳትመረጥ ቀረች፤ ዋና ማቆምም አስባ ነበር። በዚያን ዘመን በአሜሪካ የነበረው የሥልጠና ልማድ ብዙ ርቀት መዋኘት ነው። ታዳጊዎች ጠዋትና ማታ ገንዳ እየገቡ በቀን አሥር ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይዋኙ ነበር። አንድ ዋናተኛ በአንድ ልምምድ ትከሻዋን በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ የምታሽከረክር በመሆኑ፣ ርቀቱ ሲበዛ ጅማትና መገጣጠሚያ ይጎዳል፤ ሰውነቷ ሲደክም ደግሞ አዋኛኟ ይበላሻል፤ የተበላሸውን አዋኛኝም ደጋግማ ትለምደዋለች።

ማኪቨር ርቀቱን ቀነሱ። በምትኩ እያንዳንዱ የእጅ ቅዝፊያና የእግር ምት በትክክል እንዲሠራ ጠየቁ፤ ከገንዳ ውጭ ዮጋ፣ ፒላቲስ፣ ዳንስና ሩጫ አስገቡ፤ ዋናተኛዋ ሰውነቷ በውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ራሷ እንድትገነዘብ አደረጉ። ዛሬ ይህ አካሄድ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ በ2000 ግን በከፍተኛ ደረጃ የሚወዳደር የኮሌጅ ቡድን ይዞ ከርቀቱ መቀነስ ድፍረት ይጠይቅ ነበር፤ በተለይም በሙያው ውስጥ ጥቂት ከሆኑት ሴቶች አንዷ ለሆነች አሠልጣኝ። ቡድኑ ቢሸነፍ ስህተቱ የሚጻፈው በእርሷ ላይ ብቻ ሳይሆን በሴት አሠልጣኞች ሁሉ ላይ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ከሁሉ በላይ ፍሬ ያፈራው ከውሃው ገጽ በታች የሚሠራው ሥራ ነበር። ዋናተኛ ከግድግዳ ተገፍታ ስትወጣ፣ የውሃው ገጽ ላይ ያለው ሞገድ ሳይነካት፣ ሁለት እግሮቿን ገጥማ እንደ ዶልፊን እየመታች መሄድ ትችላለች፤ ደንቡ ይህን ከመነሻውና ከእያንዳንዱ መዞሪያ በኋላ እስከ 15 ሜትር ድረስ ይፈቅዳል። የአሜሪካ ኮሌጆች የሚወዳደሩት በ25 ያርድ ገንዳ ነው። በ100 ያርድ ውድድር አንድ መነሻና ሦስት መዞሪያ ስላለ፣ ከ91 ሜትር ገደማ ውስጥ እስከ 60 ሜትር የሚሆነው ከውሃ በታች ሊሸፈን ይችላል ማለት ነው። ኮግሊን በዚህ ጥበብ በዘመኗ አቻ አልነበራትም። በ2002 የ100 ያርድ የጀርባ ዋናን በ49.97 ሰከንድ በመጨረስ ከ50 ሰከንድ በታች የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በዚያው ዓመት ኦገስት 13 ቀን ደግሞ በፍሎሪዳ ፎርት ሎደርዴል፣ በ50 ሜትር ገንዳ፣ የ100 ሜትር የጀርባ ዋናን በ59.58 ሰከንድ ፈጸመች፤ ከአንድ ደቂቃ በታች የዋኘች የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ናት።

በ2004 አቴንስ ላይ ማኪቨር የአሜሪካ የኦሊምፒክ የውሃ ዋና ቡድን ምክትል አሠልጣኝ ሆነው ሲመደቡ፣ በአሠልጣኝነት ከቡድኑ ጋር የተጓዙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ኮግሊን በዚያ ኦሊምፒክ አምስት ሜዳሊያዎችን ወሰደች፤ ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ ወርቅ ነበሩ። ከወርቆቹ አንዱ የተገኘበት የ4 በ200 ሜትር ነፃ ዋና ቅብብል ከ1987 ጀምሮ በምሥራቅ ጀርመን ተይዞ የነበረውን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረ ነው። በ2008 ቤጂንግ ላይ ስድስት ሜዳሊያዎችን በማግኘት በአንድ ኦሊምፒክ ይህን ያህል የወሰደች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሴት ሆነች፤ የ100 ሜትር የጀርባ ዋና ወርቋንም አስከበረች። ለንደን ላይ አንድ ነሐስ ስትጨምር የሜዳሊያዋ ቁጥር 12 ደረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። የአሠልጣኝን ሥራ በአንድ ድንቅ ስፖርተኛ መመዘን ቀላልም አሳሳችም ነው። በአገራችን የደራርቱ ቱሉንና የኃይሌ ገብረሥላሴን ድል የሚያነሣ ሰው ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬን ሳይጠቅስ አያልፍም፤ ነገር ግን የአሠልጣኙን ታላቅነት ያረጋገጠው ከአንዷ ባለድል በኋላ ሌላዋ፣ ከአንዱ ጀግና በኋላ ሌላው መምጣቱ ነው። በማኪቨርም ላይ የሚነሣው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ከኮግሊን በኋላስ?

መልሱ የመጣው በ2009 ነው። ኮግሊን ከኮሌጅ ከወጣች ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ዴና ቮልመር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ በነበረችበት ወቅት፣ የበርክሌይ ሴቶች የመጀመሪያውን ብሔራዊ ዋንጫ አነሡ። በ2011፣ በ2012 እና በ2015 ደገሙት። የኮሌጅ ሻምፒዮና በአንድ ኮከብ አይገኝም፤ በመጨረሻው ዙር ነጥብ የሚያመጡ ብዙ ዋናተኞችና አምስት ጠንካራ የቅብብል ቡድኖች ያስፈልጋሉ። ቮልመር ራሷ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ተዛውራ የመጣች፣ የልብ ምት ችግር የነበረባት፣ በአቴንስ በቅብብል ወርቅ ካገኘች በኋላ ለቤጂንግ ሳትመረጥ የቀረች ዋናተኛ ናት። ለንደን ላይ በ100 ሜትር የቢራቢሮ ዋና 55.98 በመግባት ከ56 ሰከንድ በታች የዋኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ሌላዋ የማኪቨር ተማሪ ኬይትሊን ሌቨረንዝ በዚያው ኦሊምፒክ አራቱም የዋና ዓይነቶች በሚዋኙበት በ200 ሜትር የግል ቅይጥ ነሐስ አገኘች።

ለንደን ላይ በ17 ዓመቷ አራት ወርቅ ያጠለቀችው ሚሲ ፍራንክሊን፣ የሚቀርብላትን የማስታወቂያ ገንዘብ ትታ በኮሌጅ ለመወዳደር ስትወስን የመረጠችው በርክሌይን ነበር። ሁለት ዓመት ዋኝታ በ2015 በሦስት የግል ውድድሮች አሸነፈች፤ ቡድኑም ዋንጫውን ወሰደ። ያ የማኪቨር አራተኛውና የመጨረሻው ብሔራዊ ዋንጫ ሆነ።

በሜይ 2022 ኦሬንጅ ካውንቲ ሬጅስተር የተባለው የካሊፎርኒያ ጋዜጣ፣ በርካታ የቀድሞና የወቅቱ ዋናተኞች በማኪቨር ላይ ያቀረቡትን ምስክርነት አወጣ። ዋናተኞቹ ለዓመታት ስድብና ማዋረድ እንደደረሰባቸው፣ ታመው ወይም ተጎድተው ሳሉ እንዲዋኙ ግፊት እንደተደረገባቸው ተናገሩ፤ ራሳቸውን እስከ ማጥፋት ያሰቡ እንደነበሩም ጋዜጣው ዘገበ። ቅሬታዎቹ ቀደም ሲል ለዩኒቨርሲቲው ኃላፊዎች ደርሰው እንደነበርም ዘገባው ጨምሮ ገለጸ። ዩኒቨርሲቲው ወዲያውኑ አሠልጣኟን ከሥራ አግዶ ምርመራውን ለአንድ የሕግ ባለሙያዎች ድርጅት ሰጠ። ስምንት ወር የፈጀው፣ ከ140 በላይ ሰዎችን ያነጋገረው ምርመራ 480 ገጽ ያህል ሪፖርት አቀረበ፤ ማኪቨር በአንዳንድ ዋናተኞች ላይ በዘር፣ በትውልድ አገርና በአካል ጉዳት ምክንያት አድልዎ መፈጸማቸውን፣ በቃልና በስሜት የማዋረድ ድርጊት መፈጸማቸውንም አረጋግጫለሁ አለ። የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ዳይሬክተር ስንብቱን ሲያሳውቁ ዋናተኞቹን ይቅርታ ጠየቁ። ማኪቨር ግን የሪፖርቱን መደምደሚያ ሙሉ በሙሉ አልተቀበሉም፤ ማንንም አላንገላታሁም፣ በማንም ላይ አድልዎ አልፈጸምኩም ብለዋል። በይፋ የደገፏቸው የቀድሞ ዋናተኞችም አሉ።

ጠበቃቸው አሠልጣኟ ሴት በመሆናቸው በተለየ መስፈርት ተመዝነዋል ሲሉ ተከራክረዋል። ይህ ክርክር ችላ ሊባል የሚገባው አይደለም። በአሜሪካ የውሃ ዋና ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት እየጮኹ፣ እየሰደቡ ያሠለጠኑና ጠንካራ ተብለው የተሸለሙ ወንዶች እንደነበሩ ማንም ያውቃል፤ ሴት ስትቆጣ ግን ሌላ ስም ይሰጣታል። ይሁን እንጂ መስፈርቱ ለወንዶች ላልቶ ከሆነ መፍትሔው ለእነርሱም ማጥበቅ ነው እንጂ ለሁሉም ማላላት ሊሆን አይችልም። በዚያ ገንዳ ውስጥ ቃሉን የሰሙት፣ ጉዳቱንም የተሸከሙት አብዛኞቹ ከ18 እስከ 22 ዓመት የሆናቸው ሴቶች ናቸው። ታይትል ናይን የወጣው በመጀመሪያ ደረጃ ለእነርሱ ነው፤ ለአሠልጣኞቻቸው አይደለም። ስለዚህ የዋናተኞቹ ምስክርነት በፈር ቀዳጅነት ክብር ሊሸፈን አይገባም፤ እኔ የቆምኩት ከዚህ ወገን ነው።

በኮሌጅ ስፖርት ውስጥ አሠልጣኝ ያላት ሥልጣን ለውጭ ተመልካች ቶሎ አይታይም። በውድድር ማን እንደሚሰለፍ የምትወስነው እርሷ ናት። ስኮላርሺፑ ለረጅም ጊዜ የሚሰጠው ለአንድ ዓመት ብቻ ሆኖ በየዓመቱ የሚታደስ ነበር፤ መታደሱም በአሠልጣኟ አስተያየት ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል። ኤንሲኤኤ ለልምምድ የሚፈቅደው ሳምንታዊ ጣሪያ 20 ሰዓት ነው፤ በተግባር ግን የተማሪዋ መኝታ፣ ምግብ፣ የትምህርት ሰዓትና ጓደኝነት ሁሉ የሚታቀደው በገንዳው ዙሪያ ነው። እንዲህ ያለ ሥልጣን ብሔራዊ ዋንጫና የኦሊምፒክ ሹመት ሲጨመርበት፣ ቅሬታ ያላት የ19 ዓመት ተማሪ ማን ይሰማኛል ብላ ትናገራለች? በዚህ ላይ አሠልጣኟ የመጀመሪያዋ፣ ብቸኛዋም ሴት ናት ሲባል፣ እርሷን መንካት የሴቶችን ተስፋ መንካት ተደርጎ ሊታይ ይችላል። ብቸኛ መሆን ለራሷ ለማኪቨርም ቢሆን መልካም ነገር ነበር ብዬ አላስብም፤ በእኩያነት የምታርማት፣ ተይ የምትላት ሴት ባልደረባ በዚያ ደረጃ ላይ አልነበረችም።

ከስንብቱ በኋላ የሆነው ደግሞ ብዙ አልተነገረለትም። ዩኒቨርሲቲው ለረጅም ዘመን ለየብቻ ይዟቸው የነበሩትን ቡድኖች አዋህዶ፣ ከ2007 ጀምሮ የወንዶቹን ቡድን ሲያሠለጥን ለነበረው ለዴቪድ ደርደን ሁለቱንም ሰጠ። ደርደን በችሎታው የሚታማ አይደለም፤ በቶኪዮ ኦሊምፒክ የአሜሪካ የወንዶች ቡድን ዋና አሠልጣኝ የነበረ ሰው ነው። ነገር ግን ካረን ሞ ቶርንተን በ1978 የተቀመጠችበት፣ ማኪቨር በ1992 የተረከቡት ወንበር ለብቻው መኖሩ አበቃ። አንዲት አሠልጣኝ ጥፋት ተገኘባት ተብሎ የሥራ መደቡ ራሱ መጥፋቱን ልቀበለው አልቻልኩም፤ ወንድ አሠልጣኝ በተመሳሳይ ምክንያት ሲሰናበት ቦታው ለሌላ ወንድ ይሰጣል እንጂ አይዘጋም። በኦሊምፒኩም ቢሆን በሪዮ ዴቪድ ማርሽ፣ በቶኪዮ ግሬግ ሚሀን፣ በፓሪስ ቶድ ዴሶርቦ የአሜሪካን የሴቶች ቡድን መርተዋል። በፓሪስ የወንዶቹን ቡድን የመራው አንቶኒ ኔስቲ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሠልጣኝ በመሆኑ በሙያው ውስጥ አንድ ሌላ በር ተከፍቷል፤ የሴቶቹን ቡድን በዋና አሠልጣኝነት የመራች ሁለተኛ ሴት ግን እስከዚያ ኦሊምፒክ ድረስ አልተሾመችም።